ከነጋሪት እስከ ነሐስ መለከት፤ የጦር ሠራዊት ሙዚቃና የጅግጅጋ አካባቢ ከተሞች

መግቢያ

የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ፣ በተለምዶ «ማርሽ ባንድ» የሚባለው፣ በታሪክ ጽሑፎች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሌላ ነገር አጃቢ ሆኖ ነው። ንጉሥ ሲነግሥ፣ የውጭ እንግዳ ሲመጣ፣ ሠራዊት ሲሰለፍ፣ ጀግና ሲቀበር ጓዱ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ምን እንደ ሠራና ሙዚቀኞቹ እንዴት ይኖሩ እንደ ነበር ግን ሳይነገር ይታለፋል። ይሁን እንጂ መንግሥት ለሕዝብ ዐይን የሚታየው በሰንደቅ ዓላማው እንደ ሆነ ሁሉ፣ ለሕዝብ ጆሮ የሚሰማው በመለከቱ ነው። በተለይም የመንግሥቱ መቀመጫ በራቀበትና የሕዝቡ ቋንቋ ከጽሕፈት ቤቱ ቋንቋ በሚለይበት በጠረፍ አገር፣ አዋጁን ያልተረዳው ሰው እንኳ መለከቱን ይሰማል።

ጅግጅጋና በዛሬው የሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ክፍል የሚገኙት ከተሞች ለዚህ ጉዳይ ግልጽ ምሳሌ ናቸው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ በአካባቢው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ የፋሺስት ኢጣልያ፣ የእንግሊዝ፣ የደርግና የሶማሊያ ሪፐብሊክ ሠራዊቶች ተፈራርቀዋል። እያንዳንዱም የየራሱን ሰንደቅ ዓላማና የየራሱን መዝሙር ይዞ ገብቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሠራዊት ሙዚቃ በኢትዮጵያ ያለፈበት መንገድ ከምሥራቁ ጠረፍ አንጻር ይታያል። ዋናው ጥያቄም ከውጭ የመጣው መሣሪያ የአገር ድምፅ ሊሆን የቻለው እንዴት ነው፣ በጠረፉስ ምን ሥራ ቀረ የሚል ነው።

ከነሐስ በፊት የነበረው የጦር ድምፅ

የነሐስ መሣሪያ ከመግባቱ በፊት ኢትዮጵያ የጦር ሙዚቃ አልነበራትም ማለት አይደለም። ነጋሪት አዋጅ የሚነገርበት፣ ጦር የሚጠራበትና የሹም ክብር የሚለካበት መሣሪያ ነበር። ከነጋሪቱ ጋር መለከትና እምቢልታ ይነፋሉ። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የሌለው በመሆኑ አንድ ነፊ ብቻውን ዜማ ሊያወጣ አይችልም፤ የተለያየ ድምፅ ያላቸውን እምቢልታዎች የያዙ ነፊዎች ድምፃቸውን እየተቀባበሉ አንዱን ዜማ በጋራ ያቆሙታል። ስለዚህ በኅብረት መጫወትና ተራን መጠበቅ ለአገሩ ሙዚቀኛ አዲስ ነገር አልነበረም።

ከመሣሪያው ይልቅ ግን የጦረኛውን ልብ የሚያነሣሣው የሰው ድምፅ ነበር። ፉከራ፣ ሽለላና ቀረርቶ ወደ ውጊያ የሚሄደው ሰው ዘሩን፣ ሥራውንና ዛቻውን የሚናገርባቸው ጥበቦች ናቸው። በሶማሌው ሕዝብ ዘንድም የጦርና የፖለቲካ ክርክር ዋና መሣሪያ ግጥም ነው። ጋባይ የተባለው ረጅም ግጥም ያለ ሙዚቃ መሣሪያ የሚነገር ሲሆን፣ ጌራር የተባለው ደግሞ በፈረስ ላይ ሆኖ ለጦርነት የሚነገር ነበር። ሰይድ ሙሐመድ አብዲሌ ሐሰን በእንግሊዝ፣ በኢጣልያና በኢትዮጵያ ጦር ላይ ያካሄዱትን ትግል ከጠመንጃው ባላነሰ በግጥም መርተውታል። በመጋቢት 1892 ዓ.ም. ተከታዮቻቸው በጅግጅጋ የነበረውን የኢትዮጵያ ጦር ምሽግ ባጠቁ ጊዜ፣ ከሁለቱም ወገን የተሰለፈው ሰው የቃል ግጥም ጦረኛ ነበር። ሁለቱ ወገኖች በቋንቋና በሃይማኖት ቢለያዩም፣ ውጊያን በተነገረ ግጥም የመጀመር ልማዳቸው አንድ ነበር። የነሐስ መለከት ለሁለቱም እንግዳ ነው።

የነሐሱ መሣሪያ አመጣጥ

ዘመናዊው የሙዚቃ ጓድ የዐድዋ ድል ፍሬ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከድሉ በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም. ግድም፣ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላይ ለዐፄ ምኒልክ 40 የነሐስ መሣሪያዎችን ላኩ፤ ሚሌቭስኪ የተባለ ፖላንዳዊም መምህር ሆኖ መጣ። ስጦታው ወታደራዊ ብቻ አልነበረም። አንድ መንግሥት ከሌላው መንግሥት ጋር በእኩልነት መቆሙ በሥርዓተ አቀባበል የሚገለጽ በመሆኑ፣ የውጭ መልእክተኛን በነሐስ ሙዚቃ መቀበል የነጻ መንግሥትነት ምልክት ነበር።

በዚያው ዘመን ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ለትምህርት ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ሙያ ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1900ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. የጅግጅጋ ገዥ ሆነው ከተማዪቱን ቀጥ ባሉና እርስ በርስ በሚቋረጡ መንገዶች እንድትሠራ አደረጉ። ጅግጅጋ ከወታደር ሰፈርነት ወደ ከተማነት የተሸጋገረችው በዚህ ሁኔታ ነው። ሰልፍ የሚራመድበት ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ፣ ሰልፉን የሚመራውም መሣሪያ፣ ሁለቱም ከአንድ የዘመናዊነት ፍላጎት የመነጩ ናቸው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በባቡር መሥመር ላይ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በኢሳ ሶማሌዎች ምድር፣ በደወሌና በአይሻ በኩል ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ውስጥ የሚያድጉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ፤ ከገዳሙ ኃላፊዎች ጋር ተስማምተውም ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። እነዚህ ልጆች በኦቶማን ቱርክ በአርመናውያን ላይ ከተፈጸመው እልቂት የተረፉ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ «አርባ ልጆች» ሲል ሰየማቸው። ባቡሩ ይዟቸው ሲያልፍ መጀመሪያ ያዩት የኢትዮጵያ ምድር ይኸው የደወሌና የአይሻ በረሃ ነበር። ስለዚህ የሰሜኑ የሶማሌ ከተሞች ከሠራዊት ሙዚቃ ጋር ያላቸው ግንኙነት ከጦር ሰፈሩ ብቻ ሳይሆን ከዚህ የባሕር በር መንገድም ይጀምራል።

የአርባ ልጆች መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የንጉሠ ነገሥት መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። የልጆቹ የሥራ ውል ካለቀ በኋላ ስዊሳዊው አንድሬ ኒኮ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ማስተማሩን ቀጠለ። ከትምህርት ታሪክ አንጻር ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ኖታ ማንበብ በሥርዓት የተሰጠው በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ነበር።

መዝሙር ሲፈራረቅ

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የግራዚያኒ ጦር ጅግጅጋንና ሐረርን ያዘ። ከኢጣልያ ንጉሣዊ ማርሽ ጋር «ጆቪኔሳ» የተባለው የፋሺስት ፓርቲ መዝሙር የገዥው ኃይል ድምፅ ሆነ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ጦር፣ በተለይም የናይጄሪያ ወታደሮች፣ ኢጣልያንን አስወጥተው ጅግጅጋ ገቡ። ነገር ግን ኢትዮጵያ ነጻነቷን ካገኘች በኋላም ጅግጅጋና ኦጋዴን በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆዩ። ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሱት እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ ሐውድ የተባለው የግጦሽ ምድር የተመለሰው ደግሞ በየካቲት 1947 ዓ.ም. ነው።

ይህ ርክክብ በሰላም ብቻ አልተፈጸመም። በጅግጅጋ የሶማሌ ወጣቶች ሊግ ባንዲራ ሰቅሎ በነበረበት ጊዜ ባንዲራውን ለማውረድ በተደረገው ሙከራ ደም ፈሷል። በጠረፍ ከተማ ሰንደቅ ዓላማና መዝሙር ጌጥ አለመሆናቸውን ለመረዳት ይህ በቂ ነው። ለአንዱ የነጻነት ምልክት የሆነው ድምፅ ለሌላው የባዕድ ትእዛዝ መስሎ ሊሰማው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። የ«ጆቪኔሳ»ን ዜማ የደረሰው ጁዜፔ ብላንክ የተባለ ኢጣልያዊ ነው። የሶማሊያ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1960 ነጻ ስትወጣ የተቀበለችው ቃል አልባ ብሔራዊ መዝሙርም የዚሁ ሰው ድርሰት ነበር። የኢትዮጵያ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት መዝሙር ደራሲ ደግሞ አርመናዊ ነው። ስለዚህ በ1956 ዓ.ም. በቶጎ ውጫሌ አካባቢ ሁለቱ ጎረቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በከባድ ሁኔታ ሲዋጉ፣ ወታደሮቻቸው ቀጥ ብለው የሚቆሙላቸው ዜማዎች ሁለቱም ከባዕድ ደራሲ እጅ የወጡ ነበሩ። የነሐሱ ሙዚቃ ጠረፉን ያስከብር ነበር እንጂ ከጠረፉ ሕዝብ አልተወለደም።

የጓዱ ሥራና የሙዚቀኛው ኑሮ

ከነጻነት መመለስ በኋላ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓ.ም. የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ተደራጁ። ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች፣ የኬቮርክ ወንድም ልጅ የሆነው ነርሲስ ናልባንዲያንና ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር በአስተማሪነትና በመሪነት የሚታወሱ ናቸው። በምሥራቅ በኩል የ3ኛው ክፍለ ጦር መምሪያ ሐረር ነበር፤ በ1950 ዓ.ም. የሐረር ጦር አካዳሚ ሲቋቋም ከተማዪቱ የወታደራዊ ሥርዓት ማእከል ሆነች። ከሐረር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከካራማርዳ ተራራ ማዶ የምትገኘው ጅግጅጋ የዚሁ ጦር የፊት ሰፈር ነበረች።

የሙዚቃ ጓድ ሥራ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው። በጦር ሰፈር ማንቂያው፣ የምግብ ጥሪው፣ የሰንደቅ ዓላማው መውጣትና መውረድ፣ የመኝታው ሰዓት በጡሩምባ ይታወቃል። ለዚህ አንድ ጡሩምባ ነፊ ይበቃል። ሙሉ ጓድ ብዙ ሰውና ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ስለ ሆነ መቀመጫው የጦሩ መምሪያ ነው፤ በፊት ሰፈር ያለው ወታደር በየዕለቱ የሚሰማው ይህን ብቸኛ ጡሩምባ ነው።

ሁለተኛው ሥርዓት ነው። በሰልፍ ጊዜ ታምቡሩ እርምጃን ይለካል። በብዙ አገር ጦር ዘንድ የተለመደው ፈጣን ሰልፍ በደቂቃ 120 እርምጃ ገደማ ነው። ትልቁ ከበሮ ግራ እግርን ያስጥላል፤ ትሮምቦንና ቱባ መሠረቱን ይይዛሉ፤ ኮርኔትና ክላርኔት ዜማውን ያነሣሉ። ከተለያየ አገር የተሰበሰበውና በእኩል መራመድ ያልለመደው ምልምል እንደ አንድ አካል የሚንቀሳቀሰው በዚህ ነው። የቀብር ሥነ ሥርዓትም ከዚሁ ይቆጠራል። በቀብር ጊዜ እርምጃው ይዘገያል፤ የከበሮው ድምፅ ይታፈናል፤ በመጨረሻ አንድ ጡሩምባ ብቻውን ይነፋል። ወታደሩን በፈጣን ማርሽ የሸኘው ጓድ በዘገምተኛው ማርሽ ይቀበለዋል። የሠራዊት ሙዚቃ ክብደት የሚለካው በዚህ በሁለተኛው ማርሽ ነው።

ሦስተኛው መዝናኛ ነው። ቀን የማርሽ ልብስ ለብሶ ትሮምቦን የሚነፋው ወታደር ማታ በጃዝ ክፍሉ ውስጥ ለዘፋኝ ያጅባል። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ የታወቁበት የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ የዜማ ደራሲው ሣህሌ ደጋጎ የሠሩበትም፣ ከዚህ ክፍል የወጣ ነው። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ዘፈን ውስጥ የትንፋሽ መሣሪያዎች የያዙት ሰፊ ቦታ የጦር ሰፈር ውርስ ነው።

የሙዚቀኛው ኑሮ ግን ሁለት መልክ ነበረው። ቀድሞ በመሣሪያ የሚያድር ሰው «አዝማሪ» እየተባለ ይናቅ በነበረበት ኅብረተሰብ ውስጥ፣ የደንብ ልብስና የወር ደመወዝ ለሙዚቀኛው ክብር ሰጡት፤ ድሃ አደግ ልጅም በኖታ ትምህርት የሙያ ባለቤት ሊሆን ቻለ። በሌላ በኩል ሙዚቀኛው ወታደር ነው፤ ዘፈኑም ሆነ ጉዞው በትእዛዝ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ መዘዙ ለሙዚቃ ክፍሉም ተርፏል፤ ጥላሁን ገሠሠም ታስሮ ከተፈቱት አንዱ ነበር። በድምፁ የሚወደደው ሰው በአዛዡ ዕጣ ይጠየቅ ነበር ማለት ነው።

የነሐሱ መሣሪያ አፉን ሲፈታ

የውጭው መሣሪያ የአገር ቋንቋ መናገር የጀመረው በአዋጅ ሳይሆን በሙዚቀኞች ጥረት ነው። ለዚህ ከሁሉ የላቀው ምሳሌ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሥራውን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ጀምሮ በኋላ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ያገለገለው ይህ ሙዚቀኛ፣ ሽለላንና ፉከራን በቴነር ሳክስፎን ተጫወተ። ቃል የሌለው መሣሪያ የጦረኛውን ትንፋሽ፣ ዛቻና ጩኸት አወጣ። ከነሐስ በፊት የነበረው የሰው ድምፅ በዚህ አኳኋን ወደ ነሐሱ መሣሪያ ተመልሶ ገባ። ከዚህ በኋላ መሣሪያው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ትርጉም አጣ።

የምሥራቁ አገር ለዚህ ለውጥ የራሱ አስተዋጽኦ አለው። በድሬዳዋ በ«አፍረን ቀሎ» የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ያደገው ዓሊ ቢራ በ1950ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል ተቀላቀለ። በኦሮምኛ የሚዘፍን፣ የሐረርጌን የብዙ ቋንቋ ኑሮ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በዘመኑ ታላቅ በሆነው ወታደራዊ ኦርኬስትራ ውስጥ መቆሙ ጓዱ ከአንድ ቋንቋ በላይ ሊሸከም እንደሚችል አሳይቷል። ለጌራር ግን ፉከራ በጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ያገኘውን ዓይነት ስፍራ የሚያህል አልተሰጠውም። ከጅግጅጋ ሰፈር የሚወጣው የጡሩምባ ድምፅ በከተማዪቱ ገበያ ከሚሰማው የሶማሌ ግጥም ጋር በአንድ አየር ላይ እየተገናኘ ብዙ ዘመን አብሮ ኖሯል፤ የተዋሐደው ግን ጥቂት ነው።

ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት

በሰኔ 1969 ዓ.ም. በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው የሚሊሽያ ጦር በአዲስ አበባ በአብዮት አደባባይ ተሰለፈ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ገበሬ እርምጃውን በማርሽ ከተማረ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ወረራውን አጠናከረ፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅግጅጋ ተያዘች። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ ከተማዪቱን መልሶ ያዘ፤ ይህ ቀን በካራማራ ድል ስም ይታወሳል።

በዚህ ጦርነት ውስጥ ሙዚቃ ከምን ጊዜውም በላይ የቅስቀሳ መሣሪያ ሆነ። የሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍሎችና የኪነት ቡድኖች በየሰፈሩ ተጫወቱ፤ ፉከራና ቀረርቶ በኤሌክትሪክ ጊታርና በትንፋሽ መሣሪያዎች ታጅበው በሬዲዮ ተሰሙ። በሞቃዲሾ ሬዲዮም እንዲሁ ግጥምና ዘፈን የጦርነቱ አካል ነበሩ። በ1892 ዓ.ም. በጅግጅጋ ምሽግ ፊት ለፊት የተገናኙት ሁለቱ የቃል ጥበቦች በማሠራጫ ጣቢያ ዳግመኛ ተገናኙ።

ሙዚቃው ወታደሩን እንዳበረታ አይካድም። ይሁን እንጂ በመካከል የነበረው የከተማው ሕዝብ ነው። የጅግጅጋ ነዋሪ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ጦር ሲገባ አየ፤ ሁለት ጊዜም የድል ድምፅ ሰማ። ብዙው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። የሠራዊት ሙዚቃ ታሪክ የድሉን ማርሽ ብቻ መዝግቦ ይህን ሕዝብ ቢተው ጎደሎ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙር ከአብዮቱ በኋላ ተሽሮ እ.ኤ.አ. በ1975 በሌላ ተተክቷል። የአዲሱ ዜማ ደራሲ ዳንኤል ዮሐንስ ሐጎስ፣ የግጥሙ ደራሲ አሰፋ ገብረ ማርያም ሲሆኑ፣ የአገሪቱ ድምፅ በኢትዮጵያውያን እጅ ተዘጋጀ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ታላቁ ሠራዊት ፈረሰ፤ ከእርሱም ጋር የሙዚቃ ክፍሎቹ ተበተኑ። ብዙዎቹ ሙዚቀኞች ሙያቸውን ይዘው ወደ ሲቪሉ ኑሮ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1992 የሰሎሞን ሉሉ ዜማና የደረጀ መላኩ ግጥም ብሔራዊ መዝሙር ሆነ፤ እንደ አዲስ በተቋቋመው ሠራዊትም የሙዚቃ ክፍል ዳግመኛ ተደራጀ።

በሶማሌ ክልል የሶማሊኛ ቋንቋ የሥራና የትምህርት ቋንቋ ሆነ። ኅዳር 29 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከዚያም ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በብሔራዊ ደረጃ በጅግጅጋ ተከበረ። ቀድሞ የጠረፍ ጦር ሰፈር የነበረችው ከተማ የአገር በዓል አስተናጋጅ ስትሆን፣ የሙዚቃ ጓዱ ከፊቷ የሚቆመው ለማስፈራራት ሳይሆን እንግዳ ለመቀበል ነው። የትርጉሙ ለውጥ ከመሣሪያው ለውጥ ይበልጣል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የሚከተሉትን ነጥቦች መረዳት ይቻላል።

አንደኛ፣ የሠራዊት የሙዚቃ ጓድ በኢትዮጵያ የሙዚቃ ትምህርት መሠረት ነው። ከአርባ ልጆች ጀምሮ ጓዱ ለድሃና ለወላጅ አልባ ልጅ የተከፈተ ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል። በትምህርት ታሪክ ውስጥ ይህ ድርሻው በግልጽ ሊጻፍለት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ከውጭ የመጣ መሣሪያ የአገር ንብረት የሚሆነው የአገሩን ድምፅ ሲናገር ነው። ለዚህም ፉከራን በሳክስፎን ያናገረው ሙዚቀኛ ምስክር ነው።

ሦስተኛ፣ ይህ ውሕደት በምሥራቁ ጠረፍ የተሟላ አይደለም። ጌራርና ጋባይ የሶማሌ ሕዝብ ብቻ ሳይሆኑ የኢትዮጵያ ቅርስ ናቸው። የጅግጅጋ፣ የአይሻ ወይም የቶጎ ውጫሌ ተማሪ ትሮምቦን ይዞ የአያቱን ዜማ በኖታ ሊጽፍና ሊጫወት የሚችልበት ትምህርት ቢደራጅ፣ በዚህ አካባቢ በኩል ሲያልፍ የኖረው መሣሪያ በመጨረሻ በመንገዱ ላይ ላሉትም ይደርሳል። ያን ጊዜ ማለዳ ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣ የሚሰማው መለከት የሚታዘዙት ድምፅ ብቻ መሆኑ ይቀርና የራስ ድምፅ ይሆናል።